የአንባቢዎች ጥያቄ፦ የአሳቲግ ውሃ ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ማንስ ነው የሚያየው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በየሰመሩ ልጆቼን ይዤ ቤይ ብሪጅን ተሻግረን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጠረፍ ላይ ያለው አሳቲግ ደሴት እንሄዳለን፣ መጀመሪያ የሄድነው ፈረሶቹን ለማየት ነበር፣ አሁን ግን የውቅያኖሱ ማዕበል ለትንሿ ልጄ ስለሚከብዳት ከደሴቱ ጀርባ ባለው የተረጋጋ ውሃ ነው የምንውለው። ዘንድሮ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሸተተኝ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ሣር ሞልቶ እግራችን ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረን። ፍሳሽ ለቀውበት ይሆን? ሣሩንስ ለምን አይነቅሉትም፣ እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው እያየን? የውሃውን ጤንነትስ ማን ነው የሚያየው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሽታው ልጀምርልሽ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደነግጠው በሱ ነው። ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ ጭቃ ይገለጣል፣ ጭቃው ውስጥ አየር የለም፣ እዛ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ የባህር ውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት እየተጠቀሙ የበሰበሰውን ቅጠል ሲያብላሉ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃሉ፣ የእንቁላል ሽታው እሱ ነው። ጨዋማ ረግረግ ባለበት ሁሉ ያለ ነገር ነው፣ ሽታው ብቻውን ፍሳሽ ገብቷል አያሰኝም።

ሣሩን ግን አደራ አትንቀዪው፣ ልጆችሽም እንዳይነቅሉት ንገሪያቸው። እምቦጭ እኮ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ አረም ነው፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከታች ላለው ሁሉ ብርሃን ይከለክላል። ይሄኛው ኢልግራስ ይባላል፣ የቦታው ተወላጅ ነው፣ ሥሩን አሸዋ ውስጥ ሰድዶ እድሜ ልኩን ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ የሚያብበውም እዛው ውሃ ውስጥ ነው። ትንንሾቹ ክራቦችና የዓሣ ጫጩቶች ከትልልቆቹ የሚደበቁት እሱ ውስጥ ነው። ለመኖር ውሃው ላይ ከሚያርፈው ብርሃን አንድ አምስተኛ ያህል እንኳን ታች ድረስ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ ውሃው ሲደፈርስ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው። እግርሽ ላይ ከተጠመጠመ እዛ ቦታ ብርሃን እየደረሰ ነው ማለት ነው፣ እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ፣ ጣናን ካነሳሽው አይቀር። እምቦጭን ጣና ላይ የሚያፋፋውና እዚህ ኢልግራሱን የሚገድለው ነገር ያው አንድ ነው፣ ዝናብ ከእርሻ አጥቦ የሚያመጣው ማዳበሪያ። በአሳቲግ ዙሪያ ያለው መሬት የዶሮ እርባታና የበቆሎ አገር ነው፣ ናይትሮጅኑ ከማዳበሪያው፣ ከዶሮ ኩሱ፣ ከየቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ይመጣና ውሃው ውስጥ አልጌ ይፈላል፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ታች ያለው ሣር ጨለማ ይወርሰዋል። ከደሴቱ ጀርባ ያለው ውሃ ደግሞ ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በሁለት በር ብቻ ነው፣ በደቡብ ቺንኮቲግ ጋ፣ በሰሜን ኦሽን ሲቲ ጋ (የሰሜኑን በር የከፈተው የ1933ቱ አውሎ ነፋስ ነው፣ ከዛ በፊት ደሴቱ ከኦሽን ሲቲ ጋር አንድ ነበር)። በሩ ጠባብ ስለሆነ የገባው ቆሻሻ ቶሎ አይወጣም።

ማን ያያል ላልሽው፣ የአሳቲግ ብሔራዊ ፓርክ ሠራተኞች በጀልባ እየዞሩ ሁሌ በነዚያው ቦታዎች ይለካሉ፣ ይሄን ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የሚለኩት የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነቱን፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን፣ ክሎሮፊሉን (የአልጌው ብዛት የሚታወቀው በሱ ነው)፣ ብርሃን ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ ነው፣ ሣሩ ራሱ ደግሞ ከአውሮፕላን ፎቶ ይነሳና ስፋቱ ይሰላል። ሁሉም ተደምሮ ለየውሃው እንደ ተማሪ ሪፖርት ካርድ በፊደል ውጤት ይሰጠዋል።

መለካት ሲባል ግን ሰዓቱ ወሳኝ ነው፣ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። አንድ ሐምሌ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት መሻገሪያ ላይ ቆመን ነበር፣ ገና ሰማዩ አልቀላም፣ መለኪያውን በገመድ አወረድነውና የኦክስጅኑ ቁጥር ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከ5 ሚሊግራም በሊትር በታች ሆኖ ቆመ፣ 5 ማለት እዚህ ለዓሣ የሚያስፈልገው ተብሎ በሕግ የተቀመጠው ልክ ነው። ትንንሽ ዓሦች አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ አድርገው ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት እዛው ቦታ ስንመለስ ውሃው አየር የሞላው፣ ቁጥሩም ጥሩ፣ አፉን የሚከፍት ዓሣም የለም፣ ምንም የሆነ አይመስልም። አልጌው ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያወጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደኛ ይተነፍሳል፣ ከታች የሚበሰብሰውም ይጨምርበታል፣ ስለዚህ ውሃው የሚታፈነው ሊነጋ ሲል ነው። ቀን ብቻ የለካ ሰው ታማሚን ሲስቅ አይቶ ደህና ነው ብሎ እንደሄደ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እግሩን ሼል ቆርጦት ነበርና ከዝናብ በኋላ ውሃ ውስጥ አትግቡ ተባልን። ለምንድነው? ጥንቃቄው አልበዛም?
አንድ አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አልበዛም፣ እንዲያውም ትክክል ነው የነገሩዎት። ኃይለኛ ዝናብ የእንስሳትና የሰው ቆሻሻ ከየቦታው አጥቦ ስለሚያስገባ 48 ሰዓት መጠበቅ ጥሩ ነው። ባለሙያዎቹ ኢንቴሮኮከስ የሚባል፣ ሰገራ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ይቆጥራሉ፣ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ከ104 ካለፈ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ችግሩ ውጤቱ የሚደርሰው በማግስቱ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ የሚያነቡት የትናንቱን ውሃ ነው። ቁስሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሞቅ ያለና ጨዋማነቱ መካከለኛ የሆነ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ በተፈጥሮው ይኖራል፣ ፍሳሽ ኖረም አልኖረም፣ በቁስል ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ቁስል ካለ አይግቡ፣ እዛው ከቆረጠው ወዲያው በንጹህ ውሃና በሳሙና ይጠብ፣ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ካተኮሰው ሳያድር ሐኪም ቤት፣ ባህር ውሃ ገብቶ እንደነበርም ይንገሯቸው። ጉበት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ በጣም ይጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ ሃይስኩል ነኝ፣ የሳይንስ ክለባችን ውሃ ይለካል። ሁልጊዜ መለካት ብቻ ነው፣ በመለካት የዳነ ውሃ አለ ወይ?
ተማሪ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ አለ፣ ያውም ጎረቤትህ ነው። ከአሳቲግ ወደ ደቡብ ስትወርድ በቨርጂኒያ ባህር ዳር ያሉት ውሃዎች በ1930ዎቹ በሽታና አውሎ ነፋስ ተደራርቦባቸው ኢልግራሳቸው እልም ብሎ ጠፋ፣ ስካሎፕ የሚባለው የሚበላ ባለ ዛጎል የባህር እንስሳም አብሮ ጠፋ፣ በሱ የሚተዳደረው ሰውም ሥራ ፈታ። ለ70 ዓመት ገደማ ባዶ ሆኖ ቆየ። በኋላ ተመራማሪዎቹ ውሃው ጥርት ያለ መሆኑን፣ የጎደለው ዘር ብቻ መሆኑን ተረዱ፣ ይሄን ደግሞ ያለ ልኬት አታውቀውም፣ ውሃው ደፍርሶ ቢሆን የዘራኸው ሁሉ በከንቱ ነው። በጎ ፈቃደኞች በጸደይ እየጠለቁ ዘር ያለውን ሣር በእጃቸው ለቀሙ፣ ዘሩን ውሃ በያዘ ጋን ውስጥ አቆይተው በመከር በተኑት፣ በ20 ዓመት ውስጥ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር፣ ዛሬ ወደ 3,600 ሄክታር ሣር ሆኗል። ስካሎፕም ተመልሷል።

ለክለባችሁ ሴኪ ዲስክ በቂ ነው፣ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ነጭና ጥቁር ክብ ሳህን፣ ሃሳቡን ያመጡት አንጀሎ ሴኪ የሚባሉ ጣሊያናዊ ቄስ ናቸው፣ በ1865። እኩለ ቀን አካባቢ በጥላው በኩል፣ የፀሐይ መነጽርህን አውልቀህ አውርዳት፣ ስትጠፋብህ ገመዱን አንብብ፣ ስታወጣት እንደገና ስትታይህ አንብብ፣ የሁለቱን አማካይ ጻፍ። ቦታውንና ሰዓቱን አትቀያይር፣ ውሃው ደፍርሶ ያስጠላህ ቀንም ቢሆን ሂድና ለካ።