ጓደኛችሁ የነገራችሁ እናንተው ጋ ይቅር

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ደርግ ዘመን ስታነሱ «እንዴት ፈርታችሁ ኖራችሁ?» ትሉኛላችሁ። እኛ ባሕር ዳር ያደግን የዚያን ጊዜ ልጆች መፍራታችንን እንኳ አናውቅም ነበር። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤት መግባት፣ ሌላ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ማውጣት፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን መውሰድ፤ ኑሮ ማለት ይኸው ይመስለን ነበር።

ቀበሌን ያቋቋመው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967። የሕግ ባለሙያ ከሆንኩ በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሲያነቡት ስለ ቤት፣ ስለ ኪራይና ስለ ጎረቤት ክርክር ነው የሚያወራው። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲመጣ ግን ያው ቀበሌ አብዮት ጠባቂም እስር ቤትም ነበረው። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ቤት እንግዳ እንደገባ ያውቃል። ብዙውን ደግሞ የሚነግረው ጎረቤት ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቤት ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ ይደመጣል። ልጁ ይሰማል፣ ጠዋት ግን ለቅርብ ጓደኛው ትንፍሽ አይልም። ጣና ዳር ተቀምጠን የምናወራው ስለ ኳስ ብቻ ነበር። ጓደኛዬ የልቡን እንዳይነግረኝ እፈራ ነበር፤ ከነገረኝ አብሬ ልጠየቅ ነዋ! ዘመኑ ካለፈ በኋላም ነገሩ አልለቀቀንም። በውርስና በድንበር ክርክር ሰዎችን ሳነጋግር ወረቀቱ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ «አባቱ እኮ አባቴን ያስያዘ ሰው ነው» የሚል ቃል ይወጣል። ለዚህ ዳኛ ምን ይፈርዳል?

ዛሬ ማንም ቀበሌ ሄዶ መጠቆም አያስፈልገውም። ጓደኛችሁ ማታ ተናዶ የጻፈላችሁን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብትለቁት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይከላከላል። ትልቅ መብት ነው፣ አንብቡት። ግን ጓደኛችሁ አምኖ የሰጣችሁን ቃል እናንተው ካወጣችሁት አንቀጹ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። በሐሳቡ ካልተስማማችሁ ቡና ጠጡና ፊት ለፊት ተከራከሩት፤ ከፈለጋችሁ ተጣሉት። «እሱ የማን ወገን ነው?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ «ራሱን ጠይቀው» በሉት። ወላጅ የሆናችሁም ልጃችሁ ማዕድ ላይ ከባድ ጥያቄ ሲያነሳ «ዝም በል» አትበሉት። መልሱን ባታውቁት እንኳ ይጠይቅ።

የጓደኛችሁ መልእክት ተቀርጾ ሲዞር ካያችሁ ደግሞ አታስተላልፉት፤ ቶሎ ደውሉለት። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእናንተ ይስማ።