ስለ ሉቺነ ወንዝ አመጣጥና አካሄድ

ውድ ጠያቂ፣ በስዊዘርላንድ በርን ካንቶን (ክፍለ ግዛት) የሚገኘው የሉቺነ ወንዝ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባና በበጋቸው (በሞቃቱ ወራት) ለምን እንደሚሞላ ላነሡት ጥያቄ የማውቀውን እነሆ።

ሉቺነ የሁለት ወንዞች ድምር ነው። ነጩ ሉቺነ ከላውተርብሩነን ሸለቆ፣ ጥቁሩ ደግሞ በአይገር ተራራ ግርጌ ካለችው ከግሪንደልቫልድ በኩል ይወርዳሉ፤ ጽቫይሉቺነን በተባለች መንደር ከተገናኙ በኋላ በአንድነት ወደ ሰሜን ፈስሰው በቦኒገን አጠገብ ብሪየንዝ ሐይቅ ይገባሉ። ከዚያም ውኃው በአረ ወንዝ በኩል ከራይን ጋር ተቀላቅሎ ሰሜን ባሕር ይደርሳል።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ነጩ ሉቺነ ነው። በጥንት የበረዶ ግግር ተፈልፍሎ ግድግዳው ቀጥ ብሎ በቆመው ሸለቆ ውስጥ የሽታውብባህ ፏፏቴ 300 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ሲወረወር ነፋስ እየበተነው አብዛኛው መሬት ሳይነካ ጉም ይሆናል። የትሩመልባህ ፏፏቴ በአንጻሩ የአይገር፣ የሞንሽና የዩንግፍራው ተራሮች በረዶ ሲቀልጥ ውኃውን ተሸክሞ በተራራው ሆድ ውስጥ በቦረቦረው ዋሻ ይወርዳል፤ በሙላቱ ጊዜ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ያወርዳል። ወንዙ በበጋ የሚሞላው ዋነኛው ውኃው የበረዶ ቅላጭ ስለሆነ ነው፤ ግግሩ የፈጨው፣ እንደ ዱቄት የላመ የድንጋይ ብናኝም ወተት መሰል መልክ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ብሪየንዝ የሚገባበት አፍ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የኢንተርላከን ገዳም መነኮሳት አቅጣጫውን እንዳስቀየሩት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 በደረሰው ከባድ ጎርፍ ወንዙ ከመውረጃው ወጥቶ ወደ ግሪንደልቫልድ የሚወስደውን መንገድና ሐዲድ ቆርጧል።