ጽጌን የምትጾመው ልጅ

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ፍልሰታን ስትጾም ደስ ብሎኝ ነበር። ጾሙ ተፈታ፤ እሷ ግን አልፈታችም። አሁን ደግሞ «ጽጌን ይዣለሁ» ትላለች። በቤታችን ጽጌን የጾመ ሰው የለም። የምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል። ክረምት ላይ ከአሜሪካ የመጣች አክስቷ «ወይኔ፣ እንዴት ወፍረሻል!» ብላት ነበር። የ11 ዓመቷ ታናሿም መስታወት ፊት ቆማ ሆዷን መያዝ ጀምራለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ወላጅ «ልጄ መንፈሳዊ ሆነች» ብሎ የሚያልፈውን እርስዎ አስተውለዋል። ሳላያት ውፍረትን እየፈሩ ምግብ የመተው በሽታ ይዟታል አልልም። ግን የጻፉልኝ ነገር ዝም የሚባል አይደለም።

በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ደግ ልማዳችን ነው። ችግሩ፣ ማን ምን ያህል እንደበላ አያሳይም። ልጅቷ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡን ታነካካለች፣ ለታናሿ ታጎርሳለች። እጇ አያርፍም። ማዕዱ ሲነሳ ሁሉም የበላች ይመስለዋል። እስቲ ለጥቂት ቀን እጇን ትተው ፊት ለፊቷ ያለውን እንጀራ ይዩ።

የወር አበባዋ ቀርቷል? በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትደርባለች? ስትነሳ ያዞራታል? ከምግብ በኋላ ወዲያው ሽንት ቤት ገብታ ትቆያለች? አንዱም ቢሆን ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያት። የልብ ምቷን፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊቷን፣ በደሟ ውስጥ ያለውን ፖታሺየም ይመረምራል። ራሷን ከሳተች እስኪነጋ አይጠብቁ። ደግሞ «ያን ያህል አልከሳችም» ብለው እንዳይዘናጉ፤ ሳይከሱም አደጋ ላይ የሚወድቁ ልጆች አሉ።

ስለ ጾሙ አይከራከሯት። የሚጾም ሰው ፋሲካን ይናፍቃል፤ መብላት የሚያስፈራው ሰው ግን የሚፈታበትን ቀን ይፈራል። የእሷ የትኛው እንደሆነ ቀስ ብለው ያያሉ። ጽጌ ሲያልቅ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ መደበቅ ለፈለገ የእኛ ቀን መቁጠሪያ ምቹ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ ለንስሐ አባታችሁ ይንገሩ። የታመመ ሰው እንዲጾም እንደማይገደድ ከእኔ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ይሻላል።

ስታነጋግሯት «ለምን አትበዪም?» አይበሏት። ያዩትን ብቻ ይንገሯት፦ «ምሳ ዕቃሽ እንደሄደ ሲመለስ አየሁ። ፈራሁ። ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።» ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። ይሁን፤ ቀጠሮው ግን አይቀርም። እስከዚያው ለእሷ ለብቻ ሰሃን ያቅርቡላት፣ አጠገቧ ይቀመጡ፣ ስለ ሌላ ነገር ያውሩ። «በሞቴ!» እያሉ አያጉርሷት። እኔም እናት ነኝ፣ አፌ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ፍርሃት ላይ ጥፋተኝነት ይጨምርባታል።

«የእኛ ሰው ውፍረት ይወዳል፣ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለው የደሴቶች አገር ፊጂም ሞላ ያለ ሰውነት የሚከበርበት ነበር። ናድሮጋ በሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 ሲገባ፣ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ ተማሪ በጥናቱ አልተገኘችም። አን ቤከር የተባለችው ተመራማሪ በ1998 ስትመለስ ከመቶ 11 ያህሉ እንደሚያስመልሱ ነገሯት። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በየዙሩ ስልሳ ምናምን ልጆች። ቢሆንም ያን ጊዜ በየኪሱ ስልክ አልነበረም።

ለታናሿ ገና ጊዜ አለ። በ11 ዓመት ቁመቷ ሳይሳብ ሆዷና ዳሌዋ ሞላ ሊል ይችላል፤ ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ስለሆነ ነው፣ ይንገሯት። ዳየት የሚባል ነገር አያስጀምሯት። ከቤታችሁ «ወፈርሽ» ብቻ ሳይሆን «ከሳሽ፣ አማረብሽ» የሚለውም ይውጣ። እርስዎም መስታወት ፊት «ይሄ ቦርጭ!» ይሉ ከሆነ፣ ልጅቷ ሆዷን መያዝ ከማን እንደተማረች ያስቡ። ማታ ማታ ስልክ ተዘግቶ አብራችሁ ብሉ።

አክስቷ ለገና የምትመጣ ከሆነ አስቀድመው ይደውሉላት። «ስለ ልጆቹ ሰውነት አንድ ቃል እንዳትናገሪ» ይበሏት። ይከፋት ይሆናል። ይክፋት።