ስለ ድሪል ለጠየቅሽው፤ ከባትሪው እንጀምር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው መልሱ ቢረዝምብኝ ለዛሬ አሳደርኩት። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የወጥ ቤት ካቢኔትና የመጋረጃ ዘንግ መግጠም ልትጀምሪ ነው። ገመድ አልባ ድሪል ፈልገሽ ማኪታ፣ ቦሽ፣ ዲዋልት፣ ኢንግኮና ቶታል ቀርበውልሻል። «እጄ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስይዘው የማያደክመኝ፣ ባትሪውም በዓመቱ የማይሞትብኝ የቱ ነው?» ብለሻል። አንዱ «ማኪታ፣ አለቀ!» ብሎ መልሶልሻል፤ ሌላው «ሁሉም ቻይና ነው» ብሏል። ሁለቱም በግንቦት ፀሐይ ድሬዳዋ ላይ ግድግዳ የበሱ አልመሰሉኝም።

እኔ በድሬዳዋና በሐረር 14 ዓመት በር፣ ቁም ሣጥንና ቴሌቪዥን ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ገመድ አልባ ድሪል አልፎብኛል። አንዱን ከመሰላል ላይ ጣልኩት፤ አንዱን ሌባ ወሰደው። የቀሩት ሁለቱ ግን ሞተራቸው ዛሬም ደኅና ነው። ባትሪያቸው ሞቶ፣ ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ ጠፍቶላቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ስለዚህ ከማርካው በፊት ስለ ባትሪው ላውራሽ።

በመጀመሪያ የቮልቱ ቁጥር አያደናግርሽ። 18 ቮልት፣ 20 ቮልት፣ 21 ቮልት የሚባሉት ሲከፈቱ ውስጣቸው አንድ ነው፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ አምስት የሊቲየም ሴሎች ተደርድረዋል። አንዱ ሴል በሥራ ላይ ሲለካ 3.6 ቮልት ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስቱን ስትደምሪ ወይ 18 ወይ 21 ይመጣልሻል። ዲዋልት ራሱ አሜሪካ ውስጥ 20 ብሎ የሚሸጠውን ባትሪ አውሮፓ ውስጥ 18 ይለዋል። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላይ 48፣ 88 እያለ የሚወጣውን ቁጥር ደግሞ እንደ ቀለም ቅብ ቁጠሪው። የዚያን ያህል ቮልት የዚያን ያህል ሴል ይጠይቃል፤ በዚያች መዳፍ በምታክል ሣጥን ውስጥ አይገባም።

የሚጠቅምሽ ቁጥር የአምፒር ሰዓቱ ነው፤ የታንከሩ ስፋት በይው። በ18 ቮልት ላይ ባለ 2ቱ 36 ዋት ሰዓት (ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ) ይይዛል፤ ባለ 4ቱ 72። ችግሩ ይህንንም ቁጥር እንደ ልብ የሚጽፉት ሰዎች መኖራቸው ነው። ባለፈው ዓመት ረዳቴ ባትሪ ሊገዛ ታይዋን ሄደን፣ «6 አምፒር ሰዓት» የሚል የተጻፈበት ባትሪ በጣም በቅናሽ ቀረበልን። እኔ እጄ ላይ ሳነሳው ቀለለኝ። ጎን ያለው ሱቅ ጥራጥሬና ስኳር ይሸጣል። ባለሱቁ የያዘውን ፌስታል አስቀምጦ፣ እየሳቀ ባትሪውን ሚዛኑ ላይ አኖረልን፤ 380 ግራም። ተራው ሴል፣ ያ ጣት የሚያህለው፣ አንዱ ወደ 45 ግራም ይመዝናል። አምስቱ 225 ይሆናሉ፤ የቀረው ፕላስቲኩና ቦርዱ ነው። ማለትም ውስጡ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ በአንድ ረድፍ ተራ ሴል ደግሞ 6 አምፒር ሰዓት አይገኝም። እውነተኛው የማኪታ ባለ 5 ባትሪ ሁለት ረድፍ፣ አሥር ሴል ስላለው ከ600 ግራም ያልፋል። ሻጩ ባትሪውን ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ባለስኳሩ ግን እስከ ዛሬ «ደግሞ ምን ልትመዝን መጣህ?» ይለኛል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ኃይል መሙላት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ እኛ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ስንሠራ፣ አየሩ ብቻውን ወደ አርባው ሲጠጋ፣ ስትሠሪበት የቆየሽው ባትሪ ከዚያ በላይ መጋሉ የታወቀ ነው። የእኔ ሁለቱ የሞቱት እንዲህ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ሥራ ነበረኝ። ባትሪው ሲያልቅ ከድሪሉ ነቅዬ፣ እጅ እያቃጠለ፣ ወዲያው ቻርጀር ላይ እሰካው ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ሠራሁና በሦስተኛው ወር የጠዋቱ ባትሪ እስከ ሻይ ሰዓት አልደርስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንንም አላማም።

ማርካ ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። የማኪታ ፈጣን ቻርጀር ውስጡ ማራገቢያ አለው፤ በባትሪው ሆድ ውስጥ አየር እየነዳ ያቀዘቅዘዋል። ባትሪው ከጋለ ደግሞ መብራቱን እያብለጨለጨ እስኪበርድ ይጠብቃል እንጂ አይሞላም። ባለ 3 አምፒር ሰዓቱን በ22 ደቂቃ ይሞላዋል። ቦሽ በበኩሉ የባትሪውን ሽፋን ሙቀት ወደ ውጭ እንዲያወጣ አድርጎ ሠርቶታል። ርካሾቹ ቻርጀሮች ብዙዎቹ አያስተውሉም፤ ስትሰኪ ይሞላሉ፣ በቃ። ርካሹን ከገዛሽ ማስተዋሉ ያንቺ ሥራ ይሆናል ማለት ነው። ባትሪውን ነቅለሽ ሴራሚክ ወለል ላይ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ አትሙዪ፤ ሌሊት ወይም ማለዳ ሙዪ። ባጃጅ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጠሽ ምሳ እንዳትሄጂ። ለወር የማትሠሪበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተሽ አስቀምጪው፤ ባዶውንም ጢም ያለውንም አታሳድሪ።

የአሜሪካን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፣ ብዙ ሰው በዚህ ይከስራል። ዘመድ ከአሜሪካ ድሪል በሣጥኑ ይልካል፤ ደስ ብሎን ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ እንሰካለን። የአሜሪካው ቻርጀር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። የእኔው ጧ ብሎ ጭስ አወጣ፣ ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ሚስቴ ለሳምንት ያህል በዚህ ስትስቅብኝ ነበር። ባትሪውና ድሪሉ ግን ምንም አልሆኑም። ያንኑ ማርካ የ220 ቮልት ቻርጀር ብቻ ብትገዢ ባትሪውን ያለ ችግር ይሞላዋል። ዘመድሽ ከመጣ ደግሞ ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ለሆነው የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓቱ 90 ስለሆነ ያልፋል።

ማርካዎቹን በአጭሩ እነግርሻለሁ። ማኪታ እጀታው ቀጭን ነው፤ ትንሽ እጅ ላይ ይቀመጣል። እዚህ ከተማ ባትሪውም መለዋወጫውም ይገኛል፤ የተኮረጀውም እንዲሁ በሽ ነው፤ ሚዛኑን አትርሺ። ቦሽ ስትገዢ ሰማያዊውን እንጂ አረንጓዴውን አይሁን፤ አረንጓዴው ለቤት ባለቤት፣ ሰማያዊው ለባለሙያ የተሠራ ነው። ዲዋልት ጉልበተኛ ነው፤ ለእኔ መዳፍ ይስማማል፣ ላንቺ ወፈር ይል ይሆናል፤ ሳትይዢው አትግዢ። ገመድ አልባ ድሪልን በፈረንጆች 1961 መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ብላክ ኤንድ ዴከር ነው፤ ዲዋልትም ዛሬ የዚያው ኩባንያ ልጅ ነው። ሚልዋኪ እዚህ የሚታየው በዘመድ ሻንጣ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ እተወዋለሁ። ኢንግኮና ቶታል የቻይና ናቸው፤ ይህን የምለው ለመናቅ አይደለም። ቀን በቀን ለማይሠራ ሰው፣ ወይም ገንዘብ ገና ላልሰበሰበ ጀማሪ፣ በአንዱ ታዋቂ ድሪል ዋጋ ድሪል ከነግራይንደሩ ሊገዛባቸው ይችላል። ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ እየተፋጨ መብራት የሚያስተላልፍ፣ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለውን ሞተር ከገዛሽ ትርፍ ካርቦን አብሮ ጠይቂ፤ የእኛ የድንጋይ ዱቄት ካርቦን ይበላል። ካርቦን የሌለው ሞተር ዋጋው ይወደዳል፣ ነገር ግን በአንድ ባትሪ ረዘም ያለ ሥራ ይሠራል።

ስለ ድካም ጠይቀሻል። ሰው ድካሙ ከክብደቱ ብቻ ይመስለዋል። ሱቅ ውስጥ ስትይዢው ከባትሪው ጋር ያዢው፤ ያለ ባትሪ ሁሉም ድሪል ቀላል ነው። ክንድሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ፣ የመጋረጃ ዘንግ የምትገጥሚ መስለሽ፣ ቀስ ብለሽ እስከ ስድሳ ቁጠሪ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። አፍንጫው ወደ ታች የሚያጎነብስብሽ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የእጅ አንጓሽ ይነግርሻል። ምላጩን በአንድ ጣት ቀስ እያልሽ ሳቢው፤ ከዝግታ ወደ ፍጥነት በእኩል መውጣት አለበት። ዘሎ የሚጀምር ምላጭ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀው የእንጨት ዱቄት ጣውላ) ብሎን ራስ ይልጣል። ጉልበት አብዝተሽም አትፈልጊ። ጠንካራ ድሪል ላይ ፑንታው (የሚበሳው ብረት) ሲነክስ ማሽኑ ራሱ ይዞርና አንጓሽን ይጠመዝዛል። ለካቢኔት ማጠፊያና ለብሎን 30 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃሻል፤ የፍሪሲዮኑን ቀለበት (ብሎኑ ሲጠብቅ ዙሩን የሚያላቅቀውን) በትንሹ ቁጥር ጀምረሽ ከፍ እያደረግሽ ሂጂ።

ይህን ሁሉ ስታነቢ «ታዲያ ግድግዳውስ?» ማለትሽ አይቀርም። ሳቢያን ውስጥ አዲሱ ቤት ብዙው ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ በሚመታው ስልት ከበሳሽው ከኋላ ይፈነዳና ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ባዶ ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ሳትመቺ፣ በተራው ዙር ብቻ ብሺው። አርማታው ላይ፣ ማለትም ኮለንና ከመስኮት በላይ ያለው ላይ፣ ገመድ አልባው ድሪል ይጮኻል እንጂ አይበሳም። የሚመታ የተባለው ድሪል ጥርስ ያላቸው ሁለት ዲስኮች እየተፋጩ የሚያንገጫግጩት ነው፤ አንቺ ካልገፋሽው አይሠራም። ሮታሪ ሐመር ግን ውስጡ ፒስተን አለው፤ ፒስተኑ አየር ጨምቆ ፑንታውን ይመታዋል። አንቺ መያዝ ብቻ ነው። ቦሽ ይህን መሣሪያ የጀመረው በፈረንጆች 1932 ነው። የዛሬው ባለገመዱ 2-26 የሚባለው አርማታ ላይ እስከ 26 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ስሙ ላይ ያለው 26 ይህንኑ ነው የሚናገረው።

ሐረር ሥራ ካገኘሽ ደግሞ ይህን ስሚኝ። ጁገል ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ቴሌቪዥን ልሰቅል ሄድኩ። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሳህንና ስፌት ተሰቅሎበታል። ሮታሪ ሐመሩን በኩራት ገጥሜ ምላጩን ሳብኩ። ሳህኖቹ ሁሉ በአንድ ላይ ያንቃጭሉ ጀመር፤ ከላይ ነጭ ልስን ትከሻዬ ላይ ዘነበ። ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው የሐረሪ ቤት መቀመጫ) ላይ የተቀመጡት የቤቱ እናት እጃቸውን አንስተው «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ይቅርብኝ፤ ሳህኖቼን አትጨርስብኝ» አሉኝ። አቆምኩ። ያ የጀመርኩት ቀዳዳ ደግሞ ድንጋዩን ስቶ ጭቃው ላይ አርፎ ኖሮ ፊሸሩ በጣት ሲነካ ይዞራል። ከዚያ በካቻቪቴ እጀታ ግድግዳውን እያንኳኳሁ ድምፁ ደረቅ የሚልበትን፣ ማለትም ድንጋዩ ያለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ትንሹን ገመድ አልባ ድሪሌን አውጥቼ፣ ሳልመታ፣ በቀስታ አራት ቀዳዳ በሳሁ። ድንጋዩ የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም፤ ትዕግሥት ከሰጠሽው ይገባል። ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሳህን አልተሰበረም፤ ቡናም ተፈልቶልኝ ጠጣሁ።

ስለዚህ እኔ አንቺን ብሆን ሁሉን እሠራለሁ የሚል አንድ ትልቅ ባለ 18 ቮልት ገዝቼ አልደክምም ነበር። ለካቢኔቱ ባለ 12 ቮልቱን የቦሽ ወይም የማኪታ ትንሹን ድሪል ከሁለት ባትሪ ጋር እወስዳለሁ፤ ከነባትሪው 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ መዳፍሽ ውስጥ ይጠፋል። ለግድግዳው ባለገመድ ሮታሪ ሐመር፣ ያገለገለም ቢሆን፣ እጨምራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ግድግዳው ይጠብቃል፣ ካቢኔቱ ግን በባትሪ ይቀጥላል። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ሮታሪ ሐመሩን ከርካሾቹ ግዢ እንጂ ትንሹን ድሪል አታርክሺው፤ ቀኑን ሙሉ እጅሽ ላይ የሚውለው እሱ ነው። የትኛውንም ስትመርጪ ሻጩን መጀመሪያ «ባትሪውን ለብቻው ትሸጥልኛለህ?» በይው። አሁኑኑ ከመደርደሪያው አውርዶ ካላሳየሽ ድሪሉን መልሺለት።

የ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ደግሞ አንድ ብቻ ይዘሽ ሥራ እንዳትሄጂ። ኤምዲኤፍ ላይ ለብሎን መንገድ ስትከፍቺ ቶሎ የሚሰበረው እሱ ነው፤ ደርዘን ግዢ።