የተራበ ሰው ለሌላ ስሜት ቦታ አለው ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። «መሠረታዊ ፍላጎቱ ያልተሟላለት ሰው ለፍቅርም ሆነ ለክብር ስሜት ትኩረት ሊሰጥ አይችልም ማለት ነው ወይ?» ብለው ለጠየቁት መልሴ፣ ትኩረቱ እጅግ ይጠባል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም የሚል ነው።

ጉዳዩን በግልጽ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተመራማሪው አንሴል ኪስ መሪነት የተጀመረው ጥናት ነው። በጦርነት የተራቡ ሰዎች እንዴት ሊያገግሙ እንደሚችሉ ለማወቅ ሲባል፣ ጦር መሣሪያ ላለማንሳት ሕሊናቸው ያስገደዳቸው 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ከተለመደው ግማሽ ገደማ ምግብ ብቻ እየበሉ ኖሩ። ሳህናቸውን ይልሱ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ይሰበስቡ ጀመር፤ ፊልም ሲመለከቱም ዓይናቸውን የሚስበው የፍቅሩ ትዕይንት ሳይሆን ተዋንያኑ የሚበሉት ምግብ ነበር። ከወዳጅ ጋር መጫወት እንኳ ታከታቸው።

ነገር ግን አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ጸንተዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚነካኝም ይኸው ነው። ለተራቡት የመጥቀም ዓላማቸው ረሃቡን ባያስረሳቸውም እንዲታገሡት አስችሏቸዋል። በጾም ወቅት ከጎረቤት የሚመጣው የቁሌት ሽታ ሐሳባችንን ሲበትነው፣ እኛ ግን ሰዓቱ እስኪደርስ የምንጠብቀው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። የሰው ፍላጎቶች ከምግብ ጀምሮ እስከ ፍቅርና ክብር በደረጃ ይከታተላሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1943 ያቀረበው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማዝሎው ራሱ፣ ቅደም ተከተሉ የማይናወጥ እንዳልሆነ ገልጿል።

ከፍ ያሉት ፍላጎቶችም ሲጓደሉ ትኩረትን ይስባሉ፦ ብቸኝነት የጠናበት ሰው ሌላው ልብ የማይለውን የድምፅ ለውጥና የፊት መከፋት ፈጥኖ ያስተውላል።