ባቲ ገበያ በካርድ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። ደመወዜ በባንክ ነው የሚገባው፣ ካርድም አለኝ። ሰኞ ባቲ ስወርድ ግን ጥሬ ብር ካልያዝኩ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ባለፈው ደግሞ አንድ ሱቅ በቴሌብር ከፍዬ ኔትወርክ ሄደ፤ ባለሱቁ «አልገባልኝም» ሲል ደግሜ ከፈልኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህትዓለም! ባቲ ላይ ማሽላ ወይ ፍየል የሚሸጥልሽ ገበሬ ካርድ የሚቀበል ማሽን (ፖስ) የለውም። ለእሱ ጥሬ ብር ያዢ፣ ያውም ዝርዝሩን፤ ባለ 200 ብቻ ይዘሽ ለአንድ መደብ ቃሪያ መልስ ፍለጋ መዞር ያደክማል። ካርድ ለኤቲኤም፣ ለትልልቅ ሱፐርማርኬትና ለሆቴል ይሁንሽ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ብዙ ሱቅ በስልክ ይቀበላል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# ይሠራል፣ የስልክ ኔትወርክ ግን ግድ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ በፍጹም ደግመሽ አትክፈይ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብሽን እዪ። ከተቀነሰ የግብይት ቁጥሩን ለባለሱቁ አሳዪው፣ እሱም በራሱ ስልክ ያረጋግጥ። ሐሰተኛ መልእክት እያሳዩ ዕቃ የሚወስዱ ስላሉ መጠራጠሩን አትቀየሚው። ያ የተደገመው ብርም ጠፍቶ አልቀረም፤ ሁለቱንም የግብይት ቁጥር ይዘሽ ዛሬውኑ ሱቁ ሂጂ።