ቅጠል የሌላት እንግዳ

ጥያቄ፦ የምኖረው አውስትራሊያ፣ ሰሜን ኩዊንስላንድ ነው። ዝናቡ ከገባ በኋላ ጓሮዬ ካለው ቀርከሃ ሥር ቡናማ ቀጭን ግንድ ብቅ አለች። ቁመቷ ከስክሪብቶ አይበልጥም። ቅጠል የሚባል የላትም። ጠዋት ነጣ ያለች አበባ አይቼባት፣ ከሥራ ስመለስ ጠውልጋ አገኘኋት። ፎቶዋን ልኬያለሁ። እንጉዳይ ናት ተክል? ነቅዬ የአበባ መትከያ ውስጥ ባደርጋትስ?

መልስ፦ መጀመሪያ መቆፈሪያውን ያስቀምጡ!

ተክል ናት፤ ያውም ኦርኪድ ከሚባለው የአበባ ተክሎች ወገን። ዲዲሞፕሌክሲስ ፓለንስ ትባላለች። «ፓለንስ» በላቲን የገረጣ ማለት ነው። እዚያው አውስትራሊያ ክሪስታል ቤልስ ይሏታል። ከህንድ እስከ ኒው ጊኒና ፓሲፊክ ደሴቶች ድረስ ዘመዶች አሏት።

ቅጠል የሌላት ስለማያስፈልጋት ነው። ተክልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የላትም፤ ከፀሐይ ምግብ መሥራት አትችልም። የረገፈውን የቀርከሃ ቅጠል የሚያበሰብስ ፈንገስ አለ። ክሮቹ ሥሯ ውስጥ ሲገቡ ትፈጫቸውና ትመገባለች። ሰው «ጥገኛ» ሲባል ፈንገሱን ነው የሚጠረጥረው። እዚህ ግን በልታው እሷ ናት፤ ተበይው ፈንገሱ ነው።

ለዚህ ነው የአበባ መትከያ የማያዋጣው። እኔም አንዴ ከነአፈሯ አንስቼ ሞክሬያለሁ። በሳምንቷ ጠቁራ ሞተች፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘሯን ልዝራ ቢሉም ያው ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ አልያዘም። ያለ ፈንገስ እንደማይበቅል ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኖኤል ቤርናር የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። የገጠመችውም አረንጓዴ ቅጠል የሌላት የአውሮፓ ኦርኪድ ነበረች።

አሁን ወደሚገርመው ልምጣ። አበባዋ ስትጠወልግ «አለቀላት» ብለው ፊትዎን አያዙሩ። ፍሬ ከያዘች፣ አበባዋን ተሸክማ የነበረችው ያቺ አጭር ዘንግ በድንገት መርዘም ትጀምራለች። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረችው ከ10 ሴንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። ፍሬዋን ከረገፈው ቅጠል በላይ ከፍ አድርጋ ለነፋስ ታቀርባለች። አበባዋን ያላየ ሰው እንኳ ይችን የተመዘዘች ዘንግ አይቶ ያውቃታል።

ስለዚህ ከቀርከሃው ሥር የረገፈውን ቅጠል አይጥረጉ፤ ቀለቧ እሱ ነው። ማስመሪያ ይያዙና ዘንጓን በየቀኑ ይለኩ። ስንት እንደደረሰች ይጻፉልኝ።